58 ተማሪ፣ 11 ኮምፒውተር፦ ከማን ልጀምር?

«ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላባችን (የኮምፒውተር ክፍላችን) ውስጥ 23 ኮምፒውተር አለ፤ የሚሠራው 11 ነው። አንድ ክፍል 58 ተማሪ አለው፤ በሳምንት ሁለት ፔሬድ አገኛቸዋለሁ። የከተማው ልጆች ቤታቸው ስልክም ላፕቶፕም ስላለ ላብ ሲገቡ ማውሱን ይዘው ይቀመጣሉ። ከቃሉ ወረዳ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከኋላ ቆመው ያያሉ። መምህራን ባልደረቦቼን የአምስት ቀን ሥልጠና ልስጣችሁ ብላቸው ‹አበል አለው ወይ?› አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹን በሙሉ አምስት ሚሊዮን ኮደርስ በተባለው የኦንላይን ሥልጠና ላይ አስመዝግብ ይሉኛል። ኢንተርኔታችን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ከየት ልጀምር?»

ውድ መምህር፣

የርዕሰ መምህሩን ጥያቄ ለኋላ እናቆየውና መጀመሪያ ወንበሮቹን እንይ። እርስዎ ላብ ውስጥ እኩልነት የሚለካው ማውሱ በማን እጅ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነው። ይህን ካልወሰኑ ነገ 12 አዲስ ኮምፒውተር ቢመጣልዎም የሚይዟቸው እነዚያው ልጆች ናቸው።

ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ፔሬድ 29ኙ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት 29ኙ በላቡ መሀል ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ወረቀት ይሠራሉ። በሁለተኛው ፔሬድ ይለዋወጣሉ። 11 ማሽን ላይ 29 ተማሪ ሲደለደል ሰባቱ ላይ ሦስት ሦስት፣ አራቱ ላይ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ለሦስቱም ሥራ ይስጧቸው፦ አንዱ «እጅ» ነው፣ አንዱ የሥራ ወረቀቱን ድምፁን አሰምቶ ያነባል፣ አንዱ የተሠራውን እያየ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ኪቦርድና ማውስ የሚነካው «እጅ» የሆነው ብቻ ነው። የሚያውቅ ልጅ እጁን ሰብስቦ በአፉ ይርዳ። በየ10 ደቂቃው ያጨብጭቡና ቦታ ይለዋወጡ። ከ40 ደቂቃው 5ቱ ለመቀመጥና ለማብራት፣ 30ው ለሦስቱ ዙር፣ የቀረው 5 ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓቱ ለማጥፋት ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደንቡ መፍረሱ አይቀርም። ፈጣኑ ልጅ ትዕግሥቱ ያልቅና «አምጪ፣ እኔ ላሳይሽ» ብሎ ማውሱን ይወስዳል። በክፋት አይደለም፤ ለእሱ ሦስት ሰኮንድ የሚፈጀው ነገር እሷን ሦስት ደቂቃ ሲወስድባት እያየ መቀመጥ ያቅተዋል። ቅጣት እዚህ ላይ አይሠራም። የሚሠራው የባለተራዋን 10 ደቂቃ እንደገና ከዜሮ ማስጀመር ነው፤ ያን ጊዜ የነጠቀው ልጅ የሚያጣው የራሱን ተራ ስለሆነ ቶሎ ይማራል።

በዚህ ስሌት አንድ ተማሪ በሳምንት 10 ደቂቃ እጁን ያሠራል። ፈተናና በዓል ተቀንሶ 30 ሳምንት ቢተርፍልዎ በዓመት 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ነው። ትንሽ ነው። ከኋላ ቆማ የምታየዋ ልጅ ዛሬ የምታገኘው ግን ዜሮ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት ላቡን ከፔሬድ ውጭ በመክፈት ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ በተቃራኒ ፈረቃ ወይም ቅዳሜ ጠዋት። ላቡን «ለፈለገ» ብለው ከከፈቱት ግን የሚመጣው ቀድሞም የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ስም ዝርዝር ይኑርዎ፤ ቅድሚያው ቤቱ ኮምፒውተር ለሌለው ነው። ለሴቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን አይምረጡ፤ ገበያውም የቤት ሥራውም ያን ጊዜ ይደራረብባቸዋል። የትኛው ሰዓት እንደሚመቻቸው እነሱኑ ይጠይቁ።

ማን እንደሚቀድም ለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሥራ ይስጧቸው፦ ኮምፒውተሩን ማብራት፣ የተነገረውን ፋይል መክፈት፣ ስምን በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ በራስ ስም ፎልደር ፈጥሮ ሴቭ ማድረግ፣ የፋይሉን ስም መቀየር፣ በሥርዓቱ ማጥፋት። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይስጡ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሲያቧድኑ ጎበዙን ከደካማው ጋር አያስቀምጡ። በሒሳብና በእንግሊዝኛ የለመድነው «አንድ ለአምስት» እዚህ አይሠራም፤ ሒሳብ ላይ ሁሉም የየራሱ እስክሪብቶ አለው፣ እዚህ ግን ማውሱ አንድ ነው። ዜሮና አንድ ያመጡትን አንድ ላይ፣ አምስትና ስድስት ያመጡትን አንድ ላይ ያድርጓቸው። በአንደኛው ወሰነ ትምህርት ሴቶቹ ለብቻቸው ቢቧደኑም መልካም ነው። ጎበዞቹ ቶሎ ጨርሰው እንዳይሰላቹ ከባዱን የሥራ ወረቀት ለእነሱ ያዘጋጁ።

መሀል ጠረጴዛ ላይ ያሉት 29ኙ ምን ይሥሩ? የወረቀት ኪቦርድ ይስጧቸው። የኪቦርድ ቁልፎች ከመሀል እስከ መሀል 19 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የፊደሉ ክፍል በሙሉ 28 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው የኤ4 ወረቀት በጎኑ ሲተኛ በእውነተኛ መጠኑ ይይዘዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግን «ወረቀቱ ላይ እንዲመጣ» ብሎ ያሳንሰዋል። በ100 ፐርሰንት እንዲያወጣ ይንገሩትና አንዱን በማስመሪያ ይለኩ፤ ከ19 ሚሊ ሜትር ካነሰ የልጆቹ ጣት የተሳሳተ ርቀት ይለምዳል። ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶች ኤፍ እና ጄ ላይ አሳርፎ ሳያዩ መጻፍን በዚህ ይለማመዳሉ። እውነተኛው ኪቦርድ ላይ እነዚህ ሁለት ቁልፎች በጣት የሚዳሰስ ጉብታ አላቸው፤ ወረቀቱ ላይ በሙጫ ጠብታ ሊያበጁት ይችላሉ። ልጆቹ ወረቀቱን ወደ ተከራዩበት ቤት ይዘውት ይሂዱ።

ይህ ሁሉ ስለ ቀላል ነገር መጨነቅ የሚመስለው ካለ፣ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን ያስታውሱት። ፊዚክሱን እያወቀች የይለፍ ቃል ስታስገባ ካፕስ ሎክ በርቶባት «ተሳስተሻል» የሚላት ልጅ የምታጣው ነጥብ ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍሎች በየሁለት ሳምንቱ የ10 ደቂቃ ልምምድ ያድርጉ፦ መለያ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ዜሮን ከኦ ፊደል መለየት፣ አንድ ምርጫ መጫንና መቀየር፣ ወደ ቀደመው ጥያቄ መመለስ፣ ረጅም ምንባብ በማውሱ ጎማ ወደ ታች ማንከባለል፣ የቀረውን ሰዓት ማየት። ብዙዎች የሚሰናከሉት ምንባቡ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብቻ መስሏቸው ሳያነቡ ይመልሳሉ።

አሁን ወደ 12ቱ የተኙ ማሽኖች። አዲስ ከመጠየቅዎ በፊት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥተው ምልክታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ በሚሠራው ማሽን ገመድ ይሞክሩት፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ከሌላ የሞተ ማሽን ነቅለው ይቀይሩ። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቆያል። በርቶ የሚጮኽ ወይም ስክሪኑ ጥቁር የሚሆን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ነው። ገመዱን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰኮንድ ይጫኑ፣ ራሙን ያውጡ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ይሹ፣ ብናኙን አራግፈው ሁለቱም መቆለፊያ ጠቅ እስኪል ይመልሱት። ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 የተባለው የሳንቲም ባትሪ አልቋል፤ ርካሽ ነው፣ ሰዓት ጥገና ቤትም ይገኛል። ይህን አይናቁት፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ብዙ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል፣ እኛ ደግሞ ኢንተርኔቱን እንሳደባለን።

ከዚህ የተረፈውን ለኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይም ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይጻፉ። ደብዳቤው «ኮምፒውተሮቻችን ተበላሽተዋልና ትብብራችሁን» ካለ ፋይል ውስጥ ይቀራል። «5 ማሽኖች፣ ምልክታቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል፣ ለትብብር ሥልጠና ሁለት ሠልጣኝ ለሦስት ቀን» ካለ ግን የሚቀበለው ኃላፊ ማንን እንደሚልክ ያውቃል። እነሱም ለሠልጣኞቻቸው የተግባር ቦታ ይፈልጋሉ።

አንዱን የተነሣ ማሽን በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ጭነው የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ ባለ 2 ጊጋ ራሙም ይሸከመዋል። ከውጭ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ይሰካ። ፋይሉን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠው የፍላሽ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሣም፤ ተማሪው «ጠፋብኝ» ያለው ፋይልም እዚያ ተደብቆ ይገኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃ ይህ ጥንቃቄ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

መምህራኑን በተመለከተ፣ ስለ አበል የጠየቁትን አይቀየሟቸው። ደመወዙን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ይረዳዋል። አበል መክፈል ካልቻሉ የሚከፍሏቸው በጊዜ ነው። የመምህር ጊዜ በብዛት የሚባክነው ደግሞ ማርክ ሊስትና ሮስተር ላይ ነው። የአምስት ቀን ሥልጠናውን ይተዉት፤ በአምስት ቀን ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት ተብሎ የተሰጠ ነገር በሦስተኛው ሳምንት ይረሳል። በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርትም ያስታውሱ፤ በ1997 ዓ.ም አካባቢ በየክፍሉ ሲገባ ማሽኑ አስተማሪ፣ መምህሩ አብሪና አጥፊ ሆኖ ነበር፤ ማሽኑ ሲበላሽ የቀረ ነገር አልነበረም።

በምትኩ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይጀምሩና ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ያድርጉት፤ 20 ደቂቃ ማሳየት፣ 40 ደቂቃ መሥራት። ሲያልቅ የጥር ማርክ ይደርሳል። ሁሉንም አይጥሩ። ከየዲፓርትመንቱ አንድ፣ ከአምስት ወይም ከስድስት አይብለጡ፤ ከመካከላቸው ቢያንስ አንድ አንጋፋና የሚከበሩ መምህር፣ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ። ቀድሞ የሚችለውን አይምረጡ። አንጋፋው መምህር ከቻሉ ሌላው «እኔስ?» ማለቱ አይቀርም። ሰዓቱንም በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ዕቅዳቸው ውስጥ ያስገቡላቸው፤ አንድ መምህር በዓመት የሚጠበቅበት 60 ሰዓት ስለሆነ ስምንቱ ይቆጠርለታል።

የመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ማርክ ሊስት በወረቀት ይዞ ይምጣ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስምና ማርክ ይገባል፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ድምር፣ አማካይና ደረጃ። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ ቀድመው ካላሳዩዋቸው «ኮምፒውተር ይሳሳታል» ብለው ወደ ካልኩሌተር ይመለሳሉ።

አንደኛው ደረጃው ነው። 58ቱ ተማሪዎች ከረድፍ 4 እስከ 61 ተጽፈው ድምራቸው ዓምድ ኤል ላይ ቢሆን፣ የራንክ ቀመሩ ከኤል4 እስከ ኤል61 ያለውን ማየት አለበት። ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ግን ክልሉም አብሮ ይወርዳል፤ ቀጣዩ ተማሪ ከኤል5 እስከ ኤል62 ይሆናል። በመጨረሻ ረድፍ ላይ ያለው ተማሪ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ብቻ ስለሚሆን ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል። መፍትሔው ቀመሩ ውስጥ ክልሉን መርጦ ኤፍ4 መጫንና በዶላር ምልክት መቆለፍ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ከኤፍኤን ጋር መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስባል፣ ምክንያቱም አይታይም። አቨሬጅ የሚለው ቀመር ባዶ ሳጥንን አይቆጥርም። ዘጠኝ ትምህርት ካለ፣ ስምንቱን 80፣ 80 ያመጣና አንዱን ያልተፈተነ ተማሪ ድምሩ 640 ነው፤ ኤክሴል ለስምንት አካፍሎ 80 ይሰጠዋል፣ ለዘጠኝ ሲካፈል ግን 71.1 ነው። «ቀሪ» ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው። ድምሩን በትምህርቶቹ ቁጥር የሚያካፍል ቀመር ያስጽፏቸው፤ ያልተሟላ ውጤት በሕጉ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ለኤክሴል የሚተው አይደለም።

ሦስተኛው፣ በደረጃ ወይም በስም ቅደም ተከተል ሲያስተካክሉ አንዱን ዓምድ ብቻ መርጠው ሶርት ማድረግ ነው። ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ማርኩ ባለበት ይቀራል፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሆናል። ከሶርት በፊት ሰንጠረዡ በሙሉ ይመረጥ፣ ፋይሉም በሌላ ስም አንድ ቅጂ ይኑረው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት የፈተና ወረቀት መጻፍ ነው። ብዙ መምህራን የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ስለለመዱ ፋይሉ ፎንቱ የሌለበት ማተሚያ ቤት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ኪይማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ወይም በዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈ ነገር የትም ቢሄድ ይነበባል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይሁን። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ለያዙት ሥራ መጨረሻ ይሁኑ፤ ሰው ማርክ ሊስቱን ሳይጨርስ ፓወር ፖይንት አያስጀምሩ።

ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ሳይጠብቁት ይሥሩ። አንዱን ደኅና ማሽን ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚያቀርበውን ኮሊብሪ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይጫኑበት፣ ከተራ ዋይፋይ ራውተር ጋር ያገናኙት። ኢንተርኔት ባይኖርም በራውተሩ በኩል የላቡ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በብራውዘር የማሽኑን የአይፒ ቁጥርና መጨረሻው ላይ :8080 ጽፈው ትምህርቱን ይከፍታሉ። ይዘቱን ለማውረድ ግን ጥሩ መስመር ያስፈልጋል፤ ኢንስቲትዩቱ ወይም ደሴ ወዳጅ ካለዎት እዚያ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጭነው ያምጡት። የካን አካዳሚን የቪዲዮ ትምህርት በሙሉ አውርዳለሁ ብለው አይነሡ፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ርዕሶችን ብቻ ይምረጡ። የቤት ራውተር 40 ስልክ ቪዲዮ ሲያይበት ይቆማል፤ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ይገድቡት። የማሽኑን አይፒ ቁጥርም ራውተሩ ላይ ቋሚ ያድርጉት፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፣ ተማሪው ደግሞ «ተበላሸ» ብሎ ይሄዳል።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ጥያቄ እንመለስ። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ በሐምሌ 2016 የተጀመረ፣ በነፃ የሚሰጥና ሰርተፊኬት ያለው ዕድል ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይማሩበታል። ሆኖም ኢሜይል፣ የማይቆራረጥ መስመርና ቪዲዮውን የሚከተል እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ፎልደር መፍጠር ለማትችል ልጅ አሁን ላይ ላም አለኝ በሰማይ ነው። 58ቱንም በአንድ ሳምንት ካስመዘገቡ ሪፖርቱ ያምራል፤ የሚጨርሱት ግን ቤታቸው ላፕቶፕ ያላቸው ናቸው፣ ልዩነቱም በሰርተፊኬት ይጸናል። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ ሁለት ቁጥር ይዘው ይግቡ፦ በመጀመሪያው ሳምንት መለኪያ ዜሮና አንድ ያመጡት ስንት እንደነበሩ፣ በጥር ሲደገም ስንት እንደቀሩ። መለኪያውን አምስትና ስድስት ያመጡትን አሁኑኑ ያስመዝግቡ፤ ሌሎቹን አምስት ሲደርሱ። የላቡን የፔሬድ ሰዓት ግን ለኮርሱ አይስጡ።

ሲያስመዘግቡ ኢሜይሉን እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ እጅ ይክፈት፤ እርስዎ ከፍተው አይስጡ። የይለፍ ቃሉን በራሱ ደብተር ይጻፍ፣ በእርስዎ መዝገብ ላይ አይቀመጥ። ለማስመለሻ የሚሰጠው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ልጆች የወንድማቸውን ወይም የአከራያቸውን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ያ ሲም ሲጠፋ ወይም ሰውየው ሲለወጥ ኢሜይሉ ይዘጋል፣ ሰርተፊኬቱም እዚያው ይቀራል። የራሷ ቁጥር የሌላት ልጅ የእናቷን ወይም የአባቷን ትስጥ፣ የማስመለሻ ኮድ ቢመጣ ለሌላ ለማንም እንዳይነግሩም አስቀድማ ታስረዳቸው።